የቴፍል ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ውጭ አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሆን ሰርተፍኬት አመራረጥ

አንድ ዓይነት መልእክት ደጋግሞ ይደርሰኛል። «የ120 ሰዓት ቴፍል ጨርሻለሁ፤ አሁን የት ላመልክት?» ችግሩ ያለው እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው። ኮርሱ ተገዝቷል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ አገሩ ግን ገና አልተመረጠም። ቆይቶ የተመረጠው አገር ኦሪጅናል ዲግሪ ይጠይቃል። ወይም ፓስፖርቱን አይቀበልም። ወይም ቀጣሪው «አሰልጣኝ እያየህ ተማሪ ፊት ቆመህ ያስተማርከው ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። መልሱ ዜሮ ይሆናል።

እኔም በዚሁ በር ነው የገባሁት። የመጀመሪያ ሰርተፍኬቴን የገዛሁት በቅናሽ ነው። «120 ሰዓት» የተባለውን ኮርስ በሁለት ቀን ተኩል ጨረስኩት። ፈተናው ላይ ብወድቅ የፈለግኩትን ያህል ደግሜ እንድሞክር ይፈቅድልኝ ነበር። ሰርተፍኬቱ ላይ ወርቃማ ማኅተም ነበረበት። እስከ ዛሬ አንድም ቀጣሪ ስለ ማኅተሙ ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ አገር፣ ቀጥሎ ቪዛ፣ ቀጥሎ ቀጣሪ፣ ኮርሱ በመጨረሻ። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ 1 እና 2ን ሳትጨርሱ ለማንም ብር እንዳትልኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሁለት ቃላት

ቴፍል እና ቴሶል የድርጅት ስም አይደሉም። እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ማስተማር ማለት ብቻ ነው። ስሙ የማንም ስላልሆነ ማንም ሰው ነገ ጠዋት «የቴፍል ሰርተፍኬት» አትሞ መሸጥ ይችላል። ሴልታ የሚባለው የማስተማር ሰርተፍኬት ግን ባለቤት አለው፤ የካምብሪጅ ነው። ሰርት ቴሶል የሚባለው ሰርተፍኬትም የትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደን ነው። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ወደ ታች ስንወርድ ያስፈልገናል።

አንድ ደብተርና ሁለት ሳምንት መድቡ። ምርጫው ራሱ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ አገሩን ምረጡ፣ ከዚያ ፓስፖርታችሁን አጠገቡ አስቀምጡ

ይህ ደረጃ ደስ አይልም። ብዙ ኮርስ ሻጮች የማይነግሯችሁም ይህንኑ ነው። ፓስፖርታችሁ የማይከፍተውን በር የትኛውም ሰርተፍኬት አይከፍተውም።

ደቡብ ኮሪያ። ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ መምህር ቪዛ ለእንግሊዝኛ የሚሰጠው በዋናነት ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ እና ደቡብ አፍሪካ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ ኮሪያን ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ሰርዙ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት የያዛችሁም ቢሆን ቸኩላችሁ አትደሰቱ። ኤፒክ የሚባለው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ዜግነት ብቻ አይበቃውም። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማርንና በዚያ አገር ቢያንስ 10 ዓመት መኖርን ይጠይቃል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ በቀላሉ ያልፋል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በዲቪ የሄደ ሰው ግን ዜግነት ቢያገኝም እዚህ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። የሚያልፉትም የትምህርት ዘርፍ ዲግሪ ወይም የመምህርነት ፈቃድ ከሌላቸው ቢያንስ የ100 ሰዓት ሰርተፍኬት ይፈለግባቸዋል።

ቻይና። የእንግሊዝኛ መምህርነት የሥራ ፈቃድ በመርህ ደረጃ የሚሰጠው የእነዚሁ አገሮች ፓስፖርት ላላቸው ነው። በተጨማሪ ዲግሪ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ እና ወይ የ120 ሰዓት ሰርተፍኬት ወይ የሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠየቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ዲግሪ የሠራችሁ ከሆነ ቀጣሪውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በር የሚከፈትበት ሁኔታ አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ «በንግድ ቪዛ ግባ፣ እዚያ እናስተካክለዋለን» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ። በተማሪ ቪዛም ያው ነው። ያለ ሥራ ፈቃድ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ይቀጣል፤ እናንተ ግን ትታሰራላችሁ፣ ከዚያም ትባረራላችሁ። ደላላው ኮሚሽኑን አስቀድሞ ወስዷል።

ቬትናም። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ከደቡብ ምስራቅ እስያ በሩ በሕግ ክፍት ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። በቋንቋ ማዕከል ለማስተማር ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ የማስተማር ሰርተፍኬት፣ እና እንግሊዝኛ አፍ መፍቻችሁ ስላልሆነ የሲ1 ደረጃ (ከኤ1 እስከ ሲ2 በሚሄደው የቋንቋ መለኪያ) የቋንቋ ማስረጃ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሥራ ፈቃዱ አይወጣም።

ታይላንድ። በመደበኛ ትምህርት ቤት ለመቀጠር ዲግሪ ግዴታ ነው። አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ያልሆነ መምህር ብዙ ጊዜ ቶይክ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና 600 ነጥብ ይጠየቃል። ደመወዙም ለነጩ አሜሪካዊ ከሚከፈለው ያነሰ ሆኖ ብዙ ጊዜ ታዩታላችሁ። ያናድዳል፤ ግን ሂሳባችሁን በምትሰሩበት ጊዜ ትክክለኛውን ቁጥር ጻፉ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች። ሳዑዲና ኤምሬትስ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ወይም በትምህርት ዘርፍ የተሠራ ዲግሪ፣ ልምድ፣ እና ሴልታ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሥራ ከሆነ ማስተርስ ይጨመራል። እዚያ ርካሽ የኦንላይን ሰርተፍኬት ቦታ የለውም።

ጃፓን። ቋንቋው አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው 12 ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረበትን ማስረጃ መጠየቅ የተለመደ ነው። አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ለተማረ ሰው መንገዱ እዚህ ይቆማል።

አገር ስትመርጡ የማንንም ወሬ አትስሙ፤ የእኔንም ጨምሮ። ይህን አድርጉ፦

1. የመረጣችሁት አገር ውስጥ ካሉ ቀጣሪዎች 10 ማስታወቂያ ሰብስቡ። በዚህ ወር የወጡ ይሁኑ።
2. በየማስታወቂያው ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የሰርተፍኬት ዓይነት፣ የተማሪ ዕድሜ የሚለውን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።
3. ከ10 ውስጥ ስንቱን ታሟላላችሁ? ከ3 በታች ከሆነ አገር ቀይሩ።
4. ለሁለቱ ቀጣሪዎች አጭር ኢሜይል ላኩ። «የኢትዮጵያ ፓስፖርት አለኝ፤ የሥራ ፈቃድ ታወጡልኛላችሁ? የትኛውን ሰርተፍኬት ትቀበላላችሁ?» በሉ። መልሱን አስቀምጡት።

መልስ ካልመጣ፦ አንድ ሳምንት ጠብቁና ለሌላ ሁለት ቀጣሪ ላኩ። አራቱም ዝም ካሉ ያም መልስ ነው።

ደረጃ 2፦ ወረቀታችሁን ቁጠሩ

ኮርሱን ጨርሰው ወረቀት ላይ የወደቁ ሰዎች ቁጥር ኮርሱ ላይ ከወደቁት ይበልጣል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ኦሪጅናል ዲግሪ። ቴምፖራሪ ይዛችሁ አትሂዱ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁና የወጪ መጋራቱን ያልከፈላችሁ ከሆነ ኦሪጅናሉ አይወጣላችሁም። መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ሬጅስትራር ዘንድ ወረፋው ይታወቃል፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የኮርስ ብር ከመክፈል በፊት የወጪ መጋራቱ ዕዳ ይቀድማል። ዲግሪው ሳይኖር ሰርተፍኬቱ ብቻውን የሚያስቀጥርበት ጥሩ አገር እምብዛም አታገኙም።

የስም ፊደል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ንጉሥ ነው። ዲግሪው ላይ «ጸጋዬ» በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ከተጻፈ የኤምባሲው ሰው ሁለት ሰው ያደርጋችኋል። ኮርስ ስትመዘገቡ ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስም ጨምሮ፣ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የቤት ስም፣ የፌስቡክ ስም፣ አጠር ያለ ስም አይሆንም። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ካለው ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ ላይ የጻፈውን ጻፉ።

ዘመን አቆጣጠር። የምረቃ ቀናችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ቀጣሪው ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃችኋል። ሬጅስትራሩን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ማረጋገጫ። የኢትዮጵያ ዲግሪ ለውጭ የሥራ ፈቃድ ሲውል ብዙ ጊዜ በአንድ ማኅተም አያልቅም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉን ኤምባሲው ራሱ እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ አንዱን አስቀድማችሁ ካስመታችሁ ተመልሳችሁ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። የአሜሪካ ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ፣ የምትሄዱበት አገር የሚቀበለው ከሆነ፣ አፖስቲል የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሰነድ ማረጋገጫ ታስመታላችሁ። ቻይናም ከኅዳር 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አፖስቲል ትቀበላለች።

ከወንጀል ነፃ ማስረጃ። አሁን አታውጡ። የሚያገለግልበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ሥራ ስታገኙ ነው የሚወጣው። ምን እንደሚጠይቅ ግን አሁን እወቁ።

ደረጃ 3፦ እንግሊዝኛችሁን በሐቅ ለኩ

ሴልታ የሚቀበለው ሲ2 ወይም ከፍ ያለ ሲ1 ደረጃ ያለውን ሰው ነው። በአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ሲተረጎም ሲ1 የሚጀምረው ከ7.0 ነው። 6.5 ቢ2 ውስጥ ነው። ይህች ግማሽ ነጥብ ለቬትናም የሥራ ፈቃድ ወሳኝ ናት።

ፈተናውን ግን ዛሬ ሮጣችሁ አትፈተኑ። የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። መጀመሪያ በነፃ የሚገኙ የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ጽሑፉን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። በተከታታይ ሦስት ጊዜ 7 አካባቢ ከሆናችሁ ያኔ ተመዝገቡ።

ካልደረሳችሁ፦ የኮርሱን ገንዘብ አትንኩ። ስድስት ወር እንግሊዝኛ ላይ ሥሩ። በ6.0 ሰርተፍኬት ገዝቶ መዞር ገንዘብ ማባከን ነው። «በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። አንዳንድ ቀጣሪ ይቀበለዋል፤ የሥራ ፈቃድ ክፍሉ ግን ላይቀበለው ይችላል።

ደረጃ 4፦ ከሦስቱ ጎራ አንዱን ምረጡ

አሁን ወደ ኮርሱ መጣን። የማስታወቂያው ብዛት አያስደንግጣችሁ፤ ገበያው ውስጥ ያለው ሦስት ዓይነት ነው።

ሀ. ሴልታ እና የትሪኒቲ ሰርት ቴሶል

ሴልታ ቢያንስ 120 የሥልጠና ሰዓት፣ 6 ሰዓት አሰልጣኝ እያያችሁ ማስተማር፣ ልምድ ያላቸውን መምህራን ቁጭ ብሎ ማየት፣ እና አራት የጽሑፍ ሥራ አለው። ስድስቱ ሰዓት ለእውነተኛ ተማሪ ነው፤ ለጓደኛችሁ ወይም ለካሜራ አይደለም። በሁለት የተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ ተማሪዎችን ታስተምራላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ገምጋሚም አለ። የትሪኒቲውም በአቻ ደረጃ ነው፦ ቢያንስ 130 ሰዓት፣ 6 ሰዓት ማስተማር። በተጨማሪ የማታውቁትን ቋንቋ ለጥቂት ሰዓት እንደ ጀማሪ ተማሪ ትማራላችሁ። ይህ ክፍል ብቻውን ብዙ ያስተምራል፤ ምንም የማይገባው ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ከውስጥ ታዩታላችሁ።

ሁለቱም በእንግሊዝ የብቃት ማዕቀፍ ደረጃ 5 ናቸው። ሙሉ ቀን ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይፈጃሉ፤ በትርፍ ጊዜ ከሆነ ወራት።

ምረጡት፦ ባሕረ ሰላጤ፣ ለአዋቂ የሚያስተምር ቋንቋ ማዕከል፣ ወይም ሙያውን ለዓመታት የምትይዙት ከሆነ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሴልታ የተሠራው አዋቂ ለማስተማር ነው። እስያ ውስጥ ያለው ሥራ አብዛኛው የሕፃናት ነው። የሰበሰባችሁት 10 ማስታወቂያ ውስጥ ስምንቱ ከ5 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከሆነ፣ የልጆች ክፍል ያለበት ኮርስ መፈለግ ይሻላችኋል። ሴልታን ይዞ የ6 ዓመት ልጆች ክፍል የገባ ሰው አይቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ ጠፋ።

ለ. የተግባር ማስተማር ያለው ሌላ ኮርስ

አንዳንድ ኮርስ ንድፈ ሐሳቡ በኦንላይን ሆኖ የተወሰነ ሰዓት እውነተኛ ክፍል ውስጥ ያስተምራል። ከሴልታ ይረክሳል። ጥራቱ ግን ከሰማይ እስከ ምድር ይለያያል። ከገባችሁበት የዚህን መመሪያ ደረጃ 5 እና 6ን በደንብ ሥሩ።

ሐ. ሙሉ በሙሉ ኦንላይን፣ ያለ ተግባር

ይህ ለሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ የሥራ ፈቃዱ ሕግ «የ100 ወይም የ120 ሰዓት ሰርተፍኬት» ብቻ ብሎ ካቆመና ቀጣሪውም በጽሑፍ «እንቀበላለን» ካላችሁ። ሁለተኛ፣ አስቀድማችሁ መምህር ከሆናችሁና ወረቀቱ ብቻ ከጎደላችሁ። አስር ዓመት ሃይስኩል ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ላያስፈልገው ይችላል። ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ሰው ግን አልመክርም።

የ40 ወይም የ60 ሰዓት ኮርስ? ተውት።

ደረጃ 5፦ እውቅናውን ቆፍሩ

«ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ለቴፍል የተቋቋመ አንድ የዓለም እውቅና ሰጪ የለም። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ድረ ገጹ ላይ እውቅና ሰጪ ተብሎ የተጻፈውን ስም ገልብጡ።
2. ያንን ስም ለብቻው ፈልጉ። ሌላ ማንን እውቅና ሰጥቷል? ያለው ደንበኛ ይህ አንድ ኮርስ ብቻ ከሆነ ባለቤቱ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ራሱን በራሱ የመረቀ ማለት ነው።
3. ኮርሱ በእንግሊዝ የብቃት ማዕቀፍ «ደረጃ 5» ነው የሚል ከሆነ የብቃት ቁጥሩን ጠይቁ። ኦፍኳል የሚባለው የእንግሊዝ የትምህርት ብቃት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ አለው። ቁጥሩን አስገቡና የብቃቱን ስም፣ ሰጪውን ድርጅትና ደረጃውን አስተያዩ። ቁጥር ካልሰጧችሁ ደረጃው ማስታወቂያ ነው።
4. «በእንግሊዝ መንግሥት የተመዘገበ» የሚለውን ተጠንቀቁ። የድርጅት ምዝገባና የኮርስ ጥራት የተለያዩ ናቸው። አዲስ አበባም ንግድ ፈቃድ ያለው ሁሉ ጥሩ ምግብ አይሠራም።
5. ሴልታ ከሆነ ማዕከሉ በካምብሪጅ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ሰርት ቴሶል ከሆነ በትሪኒቲ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሴልታ አይደለም፤ «ከሴልታ ጋር የሚመጣጠን» የሚል ኮርስም ሴልታ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረጃ 5 መሆን ብቻውን ከሴልታ እኩል አያደርግም። ደረጃው የሚለካው የትምህርቱን ክብደት ነው። ተማሪ ፊት መቆማችሁን አይለካም። ሁለት የደረጃ 5 ኮርሶች፣ አንዱ ስድስት ሰዓት የተግባር ማስተማር ያለው፣ ሌላው ምንም የሌለው፣ ጎን ለጎን ሊሸጡ ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ ከመክፈላችሁ በፊት ጥያቄ ላኩ

በኢሜይል ይሁን። በስልክ የተነገረ ነገር ነፋስ ይወስደዋል። እነዚህን ጠይቁ፦

1. በአሰልጣኝ እየታየ የሚሰጠው ማስተማር ስንት ሰዓት ነው? ተማሪዎቹ እነማን ናቸው?
2. አሰልጣኞቹ ምን ብቃት አላቸው? ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ሠልጣኝ ነው?
3. ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጣል?
4. ሰርተፍኬቱ ላይ ሰዓቱ፣ የተግባር ማስተማሩ እና ደረጃው ይጻፋል? «ኦንላይን» የሚል ቃልስ?
5. ቀጣሪ ወይም ኤምባሲ ሲደውል ሰርተፍኬቱን ማን ያረጋግጣል? ታትሞስ ይላካል?
6. ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል? እስከ መቼ?
7. በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከእናንተ ወጥቶ የተቀጠረ ሰው አለ? በየትኛው አገር?

ሰባተኛው ላይ የሚመጣውን መልስ በደንብ አንብቡ። «ተመራቂዎቻችን በመላው ዓለም ይሠራሉ» ካላችሁ አልመለሰም። ደግማችሁ ጠይቁ። ለሁለተኛ ጊዜ ካድበሰበሰ ዝርዝራችሁ ላይ መስመር አድርጉበት።

«ዛሬ ማታ የሚያበቃ የ80 በመቶ ቅናሽ» ካመጣ፦ ነገ ጠዋት ድጋሚ ግቡ። ሰዓቱ ከመጀመሪያው መቁጠር ጀምሮ ታገኙታላችሁ።

«ሥራ እናረጋግጣለን» ካለ፦ የሥራ ውል ከሰርተፍኬት ሻጭ አይመጣም። ሥራ ፈልጎ ለመርዳት ቃል መግባትና ሥራ ማረጋገጥ ይለያያሉ።

ደረጃ 7፦ ሂሳቡን ሙሉ አድርጋችሁ ሥሩ

የሴልታ ክፍያ እንደ አገሩና እንደ ማዕከሉ ይለያያል፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ጠብቁ። ሌላ ከተማ ሄዳችሁ የምትማሩ ከሆነ በኮርሱ ዋጋ ላይ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ ለአምስት ሳምንት ቤት ኪራይና ምግብ ደምሩ። ብዙ ሰው ይህን ሳይደምር ነው ደስ የሚለው።

ሴልታ በኦንላይንም ይሰጣል። የማስተማሩ ልምምድ በቪዲዮ ቢሆንም እውነተኛ ተማሪዎች አሉበት፤ ስለዚህ ከ«ሐ» ጎራ ጋር አታምታቱት። ከአዲስ አበባ የምትማሩ ከሆነ ግን ሁለት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ፤ ለላፕቶፑ ብቻ ሳይሆን ለዋይፋዩም። ሁለተኛ ከሌላ ድርጅት የሆነ ሁለተኛ ሲም። የኢትዮ ቴሌኮሙ ሲቆም የሳፋሪኮሙ ያድናችኋል፤ በተቃራኒውም። ክፍል መቅረት ሴልታ ላይ ቀልድ አይደለም፤ በመብራት ምክንያት ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠፋችሁ ኮርሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። ለንደን ጠዋት 9 ሲል በክረምታቸው እኛ ዘንድ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ከረፋዱ 5 ሰዓት። ፎርሙ ላይ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ጽፋችሁ ለቃለ መጠይቅ ስድስት ሰዓት እንዳትዘገዩ። ሳቅ ይመጣል፤ ግን የደረሰበት ሰው አይስቅም።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ባንካችሁ ለዓለም አቀፍ ክፍያ የሚሆን ካርድ እንዳለውና ገደቡ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልኝ ካላችሁ ደረሰኙ በእናንተ ስም እንዲወጣ ንገሩት።

ገንዘቡ ካልሞላ፦ ርካሹን ገዝታችሁ «በኋላ ሴልታ እጨምራለሁ» አትበሉ። ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። በትርፍ ጊዜ የሚሰጠውንና በክፍልፋይ የሚከፈለውን ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ

ማንንም ሳይጠይቅ የሚቀበል ኮርስ ጥርጣሬ ይፍጠርባችሁ። የሴልታ ማዕከል መጀመሪያ የጽሑፍ ሥራ ይልካል። ሰዋስው ላይ ያተኩራል፦ ይህ ዓረፍተ ነገር ለምን ስህተት ሆነ፣ ይህን የግስ ጊዜ ለጀማሪ እንዴት ታስረዳለህ፣ ይህን ቃል ተማሪ ለምን ይሳሳተዋል።

እዚህ ላይ እኛ ጥቅም አለን። እንግሊዝኛን በሰዋስው ነው የተማርነው። አፍ መፍቻው የሆነ አመልካች «እንዲሁ ጆሮ ላይ ይከብዳል» ሲል እናንተ ሕጉን ታውቃላችሁ። የምንወድቀው ሌላ ቦታ ነው፦ ሕጉን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ተማሪው እንዲገለብጥ እናደርጋለን። ቃለ መጠይቁ ላይ ትርጉሙን በሁኔታ፣ በምሳሌና በጥያቄ እንዴት እንደምታወጡት አሳዩ። መልሱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርታችሁ አትላኩ፤ ጠያቂው አንዷን መልስ አንስቶ «አብራራልኝ» ሲል ይጋለጣል።

ካልተቀበሏችሁ፦ ምክንያቱን ጠይቁ። ቋንቋ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። የሰዋስው ግንዛቤ ከሆነ ሁለት ወር አጥንታችሁ ድጋሚ አመልክቱ። በብስጭት ምንም ወደማይጠይቀው ኮርስ አትሩጡ።

ደረጃ 9፦ ኮርሱ ውስጥ ወደ ኋላ ስትቀሩ

ሙሉ ቀን ሴልታ ላይ ሥራ ይዞ መማር አይቻልም። አትሞክሩት። ቀን ሥልጠና፣ ማስተማር፣ አስተያየት፤ ማታ ሌሰን ፕላን። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ ያልቃል።

አንድ ክፍለ ጊዜ «ከደረጃ በታች» ከተባለባችሁ አልወደቃችሁም። አሰልጣኙን በዚያው ቀን ያዙና «ለሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ብለውጥ ምን ልለውጥ?» በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ዝም በል፣ ተማሪው ይናገር። ሁለት ተከታታይ ከሆነ ግን በጽሑፍ የተሰጣችሁን አስተያየት አስቀምጡና የቀሩትን ክፍለ ጊዜያት ዕቅድ ከአሰልጣኙ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውጡ።

ደረጃ 10፦ ሰርተፍኬቱ ሲደርስ

ፖስታውን በከፈታችሁበት ደቂቃ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር፣ ፊደል በፊደል፣ አስተያዩ። ስህተት ካለ በዚያው ሳምንት ጻፉላቸው፤ ዓመት ካለፈ ማስተካከል ጣጣ ነው። ላሚኔት አታድርጉት። አንዳንድ ኤምባሲ የተለበጠ ወረቀት ላይ ማኅተም አይመታም። ጥርት አድርጋችሁ ስካን አድርጉ፤ የአሰልጣኞቹን የመጨረሻ ሪፖርት አብራችሁ አስቀምጡ። ሪፖርቱ ለቀጣሪ ከሰርተፍኬቱ በላይ ይናገራል።

ከዚያ ደብተሩን አውጡና ደረጃ 1 ላይ «እንቀበላለን» ብለው ለመለሱላችሁ ቀጣሪዎች መጀመሪያ ጻፉ። ያኔ የላኩላችሁን ኢሜይል ከሥሩ አያይዙት።